ከመስኮቴ ሥር የተገኙት እንሰቶች

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ይህን ወግ ስጀምርላችሁ እንኳ «እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው የሚያነቡኝ?» እያልኩ ነው። አትቀየሙኝ፤ ነገሩ የቤተሰብ ነው። አንዳንዱ ከእናቱ አፍንጫ ይወርሳል፣ አንዳንዱ የሚያምር ድምፅ፤ እኔ የወረስኩት ጥርጣሬ ነው።

እናቴ ከጊምቢቹ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። ቆጮ ስትልክልኝ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጠዋለች፤ ከመስጠቷ በፊት ግን የጆንያውን አፍ በቃጫ፣ በራሷ አስተሳሰር ታስረዋለች። ዕቃው እኔ ያለሁበት ሆሳዕና ደርሶልኝ ስደውልላት «ደረሰልህ ወይ?» አትልም። «ቋጠሮው ወዴት ዞሮ ነበር?» ነው የምትለው። ወደ ቀኝ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል። ወደ ግራ ከሆነ ያ ረዳት በሚቀጥለው ገበያ ጉድ ይፈላበታል። በስልክ ደግሞ ስለ ንብረት አታወራም። አንዴ ላሟ ወልዳ ሳምንቱን ሙሉ ስንደዋወል ትንፍሽ አላለችም፤ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ለምን ደበቅሽኝ ስላት ወሬው በአየር ላይ እንደሚሄድ፣ አየር ደግሞ የማንም እንዳልሆነ፣ መንገድ ላይ ማን ማን እንደሚሰማው እንደማይታወቅ አስረዳችኝ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከዚያ ወዲህ በስልክ ሳወራ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ምሩቅ አልኩ እንጂ፣ ከተመረቅኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ እናቴ ጋ ነው የተቀመጥኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የመንደሩ ሰው ዲግሪዬን መጠርጠር ጀመረ። አጎቴማ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ግድግዳው ድረስ ተጠግቶ ሲመረምር ቆየና ጋዋኑ የራሴ ይሁን የኪራይ ጠየቀኝ። የኪራይ ነው አልኩት። «እኔም ገርሞኝ ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ራሴን ትንሽ ትንሽ እጠረጥራለሁ።

እንደ ምንም ሆሳዕና ሥራ ተገኘ። ሥራው ሲገኝ ቤትም መገኘት ነበረበትና በእትዬ ዘምዘም ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ዘምዘም በሕፃንነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ያደጉ፣ እዚሁ የተዳሩ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ በግቢው ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ብቻቸውን የያዙ ሴት ናቸው። ሳሙና፣ ምስማር፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የጠፋባችሁን ሁሉ እሳቸው ዘንድ ታገኛላችሁ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ደግሞ ለሰፈሩ ውሃ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ በራቸው ቀን ቀን አይዘጋም፣ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ይገባል ይወጣል። ይህችን የቧንቧ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ክፍሏ አዲስ ቀለም የተቀባች፣ ቆርቆሮዋ የማያፈስ፣ አንድ መስኮት ያላት ናት። መስኮቱ የሚያየው ከኋላ ያለውን ባዶ መሬት ነው። ከባዶው መሬት ማዶ የጋሽ ሄራሞ አጥር አለ። ጋሽ ሄራሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ «እንደምን ዋልክ» ሲሉህ እንኳ መልስህን የሚያርሙ ይመስላሉ።

የራሴ በር ቁልፍ ኪሴ ሲገባ የተሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም። ያለ ምክንያት ቆልፌ እከፍታለሁ፣ ከፍቼ እቆልፋለሁ። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናቴ ቤት የምተኛባት ክፍል ከኋላዋ እንሰት ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ሰፋፊ ቅጠሎቹ ግድግዳውን ይዳብሱታል። ልጅ ሳለሁ ሌባ መስሎኝ «ማነው?» ብዬ እጮህ ነበር። እናቴ ከማዶ ሆና «እንሰቱ ነው፣ ተኛ» ትለኛለች፤ እተኛለሁ። አዲሱ ቤት ግን ዝም ብሏል። የሚዳብሰው የለም፣ የሚነካው የለም። ዝም ያለ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስባል።

ለእናቴ ስደውል ስለ ቤቱ ሁሉን ነገርኳት፤ ሰማያዊ በሩን፣ ሱቁን፣ ቧንቧውን፣ መስኮቱን።

«ከጀርባው ምን አለ?» አለችኝ።

«ምንም የለም።»

«ምንም?»

ከዚያ ጸጥ አለች። ካርዴ ያለቀ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁት።

በሁለተኛው ወር ላይ መሥሪያ ቤቱ ለመስክ ሥራ ወደ ሾኔ ላከን። ሳምንቱን እዚያ አሳልፌ እሑድ ከሰዓት ተመለስኩ። ቦርሳዬን አልጋው ላይ ወርውሬ መስኮቱን ስከፍት ባዶው መሬት ባዶ አይደለም። ስድስት እንሰቶች ከመስኮቴ ሥር በአንድ መስመር ቆመዋል። ወገብ ይደርሳሉ፤ ቅጠላቸው እንዳይሰበር ሰብሰብ ተደርጎ ታስሯል፤ ሥራቸውን አፈር ታቅፏል። መስኮቱን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ከፈትኩት። አሁንም ስድስት ናቸው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ለመመንጠር አልቸኩልም። ወዲያው እትዬ ዘምዘምን ጠረጠርኩ። ነገሩ ግልጽ ነው፦ እንሰት ሲያድግ መስኮት ይሸፍናል፣ መስኮት ሲሸፈን ክፍል ይጨልማል፣ ክፍል ሲጨልም ተከራይ ይወጣል፣ ተከራይ ሲወጣ ኪራይ ይጨመራል። እንሰት እንዲህ ሊያድግ ዓመታት እንደሚፈጅ አላጣሁትም። ግን ነጋዴ አርቆ ያስባል አልኩ። ዝም ብዬ ልከታተላቸው ወሰንኩ።

ለካ እሳቸውም እኔን እየተከታተሉኝ ኖሯል። በማግስቱ ልብስ ሊያሰጡ ወደ ጓሮ ዞረው እንሰቱን አዩት፤ አዩትና ልብሳቸውን አስጥተው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታቸው ረዘመ። እንደምን አደርክ ካሉኝ በኋላ የወላጆቼ መሬት ሰፊ ይሁን አይሁን፣ ወንድሞች ይኑሩኝ አይኑሩኝ፣ ለወንድሞቼስ የሚበቃ ቦታ ይኑር አይኑር ይጠይቁኛል። አንድ ቀን የተማርኩት ሕግ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ። አይ፣ ማኔጅመንት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም፤ ሕግ የተማረ ሰው ሕግ ተማርኩ ይላል እንዴ? አንድ ማታ ደግሞ ገንፎ በቅቤ አድርገው ላኩልኝ። ሰው ሳያስበኝ ገንፎ አይልክልኝም፤ ታዲያ ምን አስበው ነው? ሳህኑን እስኪበርድ ሳየው ቆየሁ። በመጨረሻ በላሁት፤ ጥርጣሬና ረሃብ ሲጣሉ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው የትኛው እንደሆነ እናንተም ገምታችኋል።

ነገሩን ከሺንሺቾ ለመጣ የቢሮ ባልደረባዬ አጫወትኩት። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ ደነገጠ።

«አንተ፣ እንሰት እኮ ቋሚ ተክል ነው» አለኝ። «በሰው ቦታ ቋሚ ተክል የተከለ ሰው ነገ ተነስቶ ይዞታዬ ነው ይላል። ሴትዮዋ አንተን ነው የጠረጠሩት።»

ያን ጊዜ ሰላምታው ሁሉ፣ መሬቱ፣ ወንድሞቼ፣ ሕጉ ተገጣጠመልኝ። ከሥራ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድኩ፤ ስድስቱንም ነቅዬ ላጠፋቸው። የመጀመሪያውን አንገቱን ያዝኩት። ሳብ አደረግኩት። ሥር ሰዶ ኖሮ ጠበቅ አለብኝ። እንግዲህ እኔ በእንሰት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ቤት የሄድኩት ቆጮ በልቼ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ቆጮ ይዤ ነው። የያዘ እንሰት እንዴት ይነቀላል? እጄ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ አፈሩን ነካ ሳደርገው ደርቋል። አንጀቴ አልቻለም፤ ጀሪካኔን አመጣሁና አንድ በአንድ አጠጣኋቸው።

«ታጠጣቸዋለህ ለካ» የሚል ድምፅ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ መጣ።

እትዬ ዘምዘም ናቸው። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው በሌላ ከተማ ቦታ እንደነበራቸው፣ አንድ ዘመድ ለጥላ ነው ብሎ ጥቂት ባሕር ዛፍ እንደተከለበት፣ ዛፉ እያደገ ዘመዱም አብሮ እያደገ ሄዶ ቦታው የዘመድ ሆኖ እንደቀረ ነገሩኝ። እኔ አልተከልኩትም ብዬ ማልኩ። ጀሪካኑ ግን እጄ ላይ ነው።

«በባሕር ዛፍ አንዴ ተበልቻለሁ፣ በእንሰት አልደግመውም» አሉ። «ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቅልኝ።»

ፈራሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በጣም ፈራሁ። ሆሳዕና ላይ በእኔ ደመወዝ ሌላ ቤት ማግኘት ቀርቶ መጠየቅም ያሳፍራል። ፍራሼ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ጊምቢቹ ስንወርድ ታየኝ፤ አጎቴ መንገድ ዳር ቆሞ «ቁልፉም የኪራይ ነበር እንዴ?» ሲለኝ ተሰማኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። በደወለች ቁጥር ሁሉም ደህና ነው እላለሁ፤ እሷም ቤቱ እንዴት ነው ትላለች፤ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ሌላስ ትላለች፤ ሌላ የለም እላለሁ። የምትደብቀኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። እኔም የምደብቃት ነገር ስለነበረኝ አልጠየቅኳትም።

እሳት ላይ ቤንዚን እንዲሉ፣ ጋሽ ሄራሞ ሲባጎ ይዘው ብቅ አሉ። ከአጥራቸው እስከ እንሰቶቹ ለኩ፤ ከእንሰቶቹ እስከ ግድግዳዬ ለኩ፤ እኔንም በዓይናቸው ለኩኝ። አከራይና ተከራይ ተመካክረው አጥሬን ሊገፉ ነው ብለው አምነዋል። እትዬ ዘምዘም በበኩላቸው ጋሽ ሄራሞና እኔ በሐዲይኛ ስለምንግባባ ሴራው በዚያ ቋንቋ ተጠንስሷል ብለው አምነዋል። እኔ ደግሞ የሁለቱ ጎረቤታሞች ጸብ የውሸት ነው፣ ሁለቱም እኔን ለማስወጣት ነው የተስማሙት ብዬ አምኛለሁ። በስድስት ችግኝ ሦስት ሃይማኖት ሆንን።

በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ተጠሩ። ከሱቁ የለስላሳ ሳጥን ወጥቶ ጓሮው ላይ ተደፋ፤ ሽማግሌዎቹ በላዩ ተቀመጡ፤ እንሰቶቹም እንደ ተከሳሽ ፊት ለፊታቸው ቆሙ። እትዬ ዘምዘም አልተከልኩም አሉ። እኔ አልተከልኩም አልኩ። ጋሽ ሄራሞም አልተከልኩም አሉ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳርፈው አሰቡ። «እንግዲህ እንሰት በእግሩ ሄዶ አይመጣም» አሉ።

ጋሽ ሄራሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተከለውን ሰው ማየታቸውን አሁን ሊናገሩ ወሰኑ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያኔ እኔ ሾኔ ሳለሁ፣ በገበያው ቀን፣ አንዲት የገጠር ሴት በአጥሩ በኩል ዶማ ለመነቻቸው። አዋሷት። እትዬ ዘምዘም የቀጠሯት የቀን ሠራተኛ መስላቸዋለች። ታዲያ ለምን ዝም አሉ ሲባሉ፣ ድንበር እስክታልፍ ጠብቀው በማስረጃ ሊይዟት እንደነበር ተናገሩ።

«አለፈች?» አሉ ሽማግሌው።

«ስንዝርም አላለፈች» አሉ ጋሽ ሄራሞ፣ ቅር እያላቸው።

እትዬ ዘምዘም ሴትዮዋ ምን እንደለበሰች ጠየቁ። አረንጓዴ ሹራብ፣ ጥቁር ጃንጥላ በጀርባዋ፣ ትልቅ ጆንያ። እትዬ ዘምዘም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ውሃ ቀድተው የሰጧት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ደክሟት ስላዩ በነጻ። የጋሽ ሄራሞ የጓሮ ሠራተኛ መስላቸው ነበር።

እኔ አረንጓዴ ሹራብ ሲባል ወደ እንሰቶቹ ዞርኩ። ያን ሁሉ ቀን በመስኮት ሳያቸው የከረምኩትን፣ የመረመርኩትን፣ የተጠራጠርኩትን እንሰቶች ገና አሁን በደንብ አየኋቸው። ቅጠላቸው የታሰረው በቃጫ ነው። ቋጠሮው ወደ ቀኝ ዞሯል። ስድስቱም ላይ።

አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ከቧንቧው በኩል አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ፣ ጆንያ ሙሉ ፍግ ተሸክማ እናቴ መጣች። ሽማግሌዎቹን አላየችም፣ እኔንም አላየችም። ቀጥ ብላ ወደ እንሰቶቹ ሄደች፣ ተንበርክካ አፈሩን ዳበሰች፣ ከዚያ በሐዲይኛ ማን ነው ውሃ ያበዛባቸው ብላ ጠየቀች። ቀና ስትል ጉባኤው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያታል። ያን ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ በአማርኛ ሰላም አለችን።

«እናቴ ናት» አልኩ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ስላት ያበድኩ ያህል አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ለእትዬ ዘምዘምና ለጋሽ ሄራሞ ለምን ማንነትሽን አልነገርሽም ሲሏት ግን መልስ ነበራት። የልጁ እናት ነኝ ካልኩ ማንም ደግ ይሆናል አለች፤ ሳያውቁኝ ዶማ የሚያውሱኝ፣ ሳያውቁኝ ውሃ የሚሰጡኝ ሰዎች መሆናቸውን ማየት ፈለግሁ አለች። አወሷት፤ ሰጧት። ከዚያ እንዲህ ደግ የሆኑት ለምንድነው እያለች ጊምቢቹ እስክትደርስ ስትጠረጥር ሄደች።

እትዬ ዘምዘም ብዙ ሳይቆዩ ወደ ዋናው ነገር ገቡ። «እህቴ፣ ቦታው እኮ የኔ ነው። ልጅሽ ተከራይ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «መሬቱ ያንቺ ነው። እንሰቱም ያንቺ ይሁን፣ በሽማግሌ ፊት ሰጥቼሻለሁ። ልጄ ግን ጀርባው ባዶ በሆነ ቤት አይተኛም።»

ጓሮው ጸጥ አለ። ይህኛውን ጸጥታ አልጠረጠርኩትም። እትዬ ዘምዘም ወደ አንደኛው እንሰት ተጠግተው ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዙት። በሕፃንነታቸው ትተውት ከመጡት ቤት የሚያስታውሱት አንድ ነገር ቢኖር ከኋላው የነበረው እንሰት እንደሆነ ተናገሩ፤ የቤቱን በር እንኳ አያስታውሱትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ወሩ ሲያልቅ ያልኩህን ተወው አሉኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ጋሽ ሄራሞ ዶማቸውን አምጥተው ፍጉን አብረው አፈር አለበሱት፤ በየመሃሉ ግን ሲባጎዋን ዘርጋ ያደርጓት ነበር፤ የለመዱትን ነገር መተው ያስቸግራል።

ከዚያ ክረምት ገባ፤ ጥሩ ዝናብ ነበረ። መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ወረድኩ። አታካና የምንለውን የመስቀል ምግባችንን በቅቤ አድርገው ሲግቱኝ ቆዩ፤ ከዚያ ትንሽ ልረፍ ብዬ ወደ ድሮ ክፍሌ ገባሁ። ተጋደምኩ። ውጭ ነፋስ አለ፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ግድግዳውን ግን የሚዳብሰው የለም። ተነስቼ ወደ ጀርባ ዞርኩ። ትልልቆቹ እንሰቶች ለምርቃቴ ድግስ ቆጮ ሊሆኑ ተፍቀው ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። እኔ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት በእነሱ ቦታ እናቴ ስድስት አዳዲስ ተክላ ነበር። አሁን እነሱም የሉም። ስድስት አፈር የተደፈነባቸው ጉድጓዶች ብቻ አሉ፤ ሣር ማብቀል ጀምረዋል።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

«አንድ እንኳ አላስቀረሽም?» አልኳት።

«ለማን?» አለች። «እዚህ ክፍል ማን ይተኛል?»

ተጠራጣሪ ሰው ለሁሉም ነገር ሁለተኛ ትርጉም ይፈልጋል። ለዚህች ግን አላገኘሁላትም። ፊቴን አዙሬ ሣሩን ስነቅል ቆየሁ፤ እንባዬን እንዳታይ ነው፤ እንዳየች ግን እርግጠኛ ነኝ፣ እሷ ምን ያመልጣታል።

ሆሳዕና በተመለስኩ ማግስት እሑድ ነበር። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ አንድ ነገር ግድግዳውን በቀስታ ዳበሰው።

«ማነው?» አልኩ፣ ብድግ ብዬ።

እትዬ ዘምዘም ከጓሮ ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። «እንሰቱ ነው፣ ተኛ» አሉኝ።

ይህችን ቃል ማን እንደነገራቸው እጠረጥራለሁ። ሁለቱ ሴቶች በስልክ መደዋወል ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ስለ ንብረት እንደማያወሩ አውቃለሁ፣ ስለዚህ የሚያወሩት ስለ እኔ ነው። ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ ግን ተኛሁ።